«ይሆናል» የሚባል ካርቡሬተር የለም

በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ እዚህ ናይሮቢ ግሮጋን ውስጥ በየቀኑ በብዛት የሚሸጠው ጎማ ወይም ካንዴላ አይደለም፤ «ይሆናል» የሚለው ቃል ነው። ለቮልስ ይሆናል? ይሆናል። ለላዳ? ይሆናል። ለዲኤክስስ? እሱማ ምን ጥያቄ አለው! ገዢው ደስ ብሎት ይከፍላል፣ ሻጩ ደስ ብሎት ይቀበላል፣ ዕቃው በካርቶን ታስሮ ወደ ሞያሌ ይጫናል። ደስታው የሚቆየው መካኒኩ ካቻቪቴውን እስኪያነሳ ድረስ ነው።

እኛ ሳውዝ ሲ ተቀምጠን መለዋወጫ እየገዛን ወደ ሰሜን የምንልክ ነጋዴዎች ነን። ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ መኪና ሞተር ላይ ይገጠማል እየተባለ ስለሚሸጠው የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ማንነቱ ያልታወቀ፣ ጄቱ ያልተነበበ፣ ከአራት ስብስብ ተገንጥሎ የወጣ ካርቡሬተር «የመኪና ነው» ብሎ መሸጥ ንግድ ሳይሆን ማጭበርበር ነው። ስሙን ማሳመር አያስፈልግም።

ገዢውን ግን ሞኝ አትበሉት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ያልቻለ ሰው ያለውን አሮጌ መኪና ማኖር ግዴታው ሆነ። አዲስ አበባ ደግሞ የቮልስ ከተማ ናት፤ አባት ለልጅ ያወረሰው፣ ልጁም ለልጁ ሊያወርስ ያሰበው ቮልስ በየሰፈሩ አለ። የእነዚህ መኪኖች ሶሌክስ ካርቡሬተር አርጅቷል፤ የቢራቢሮው ዘንግ የሚዞርበት ቀዳዳ ተበልቶ አየር ያስገባል፣ ሚኒሞ አልይዝ ይላል። ከኬንያስ ይገኛል? ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አታስገባም፤ ስለዚህ ከጃፓን በሞምባሳ የሚመጣው መኪና ሁሉ ኢንጀክሽን ነው፣ ሲፈታ ካርቡሬተር የሚባል ነገር አይወጣውም። በሌላ በኩል የቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል ጎዳናውን ሞልቶታል። ቦክሰር ነው፣ ቲቪኤስ ነው፣ የቻይናው ነው፤ የሁሉም ካርቡሬተር በየዱካው ተሰቅሎ ይታያል። ቤንዚን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ የጠፋበት ሰው፣ ቤንዚን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ ተሰቅሎ ሲያይ ቢጠይቅ ምን ያስገርማል? ጥያቄው ትክክል ነው። የተበላሸው መልሳችን ነው።

ከወዲያኛው ጫፍ ደግሞ «የሞተር ሳይክል ዕቃ መኪና ላይ? እብደት ነው፣ ይከልከል» የሚሉ አሉ። ከእነሱም ጋር አንስማማም። እንግሊዝ አገር በጓሯቸው ትንንሽ የስፖርት መኪና የሚገጣጥሙ ሰዎች ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት ሠርተውበታል። ጥንድ ዌበር ካርቡሬተር መግዛት አቅም ሲፈትን፣ ከተጋጨ ያማሃ አር1፣ ከሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር፣ ከሆንዳ ፋየርብሌድ ወይም ከካዋሳኪ ዜድኤክስ-9አር ላይ አራቱን በአንድ ረድፍ ፈትተው፣ ማኒፎልድ አሠርተው፣ ጄት ቀይረው ይገጥማሉ። የሚሠራበትም ምክንያት ተአምር ሳይሆን ሒሳብ ነው። 1,600 ሲሲ የመኪና ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደሩ 0.4 ሊትር ነው። በደቂቃ 5,500 ጊዜ ሲዞር አንዱ ሲሊንደር 2,750 ጊዜ ይስባል፤ 1,100 ሊትር አየር ማለት ነው። የአር1 ሞተር 998 ሲሲ ሲሆን አንዱ ሲሊንደር ሩብ ሊትር ገደማ ነው፤ በ10,000 ዙር 5,000 ጊዜ ሲስብ 1,250 ሊትር ይሆናል። ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። ለትንሽ ሲሊንደር በብዙ ዙር የተሠራው ካርቡሬተር፣ ለትልቅ ሲሊንደር በጥቂት ዙር ይበቃል።

ግን አንድ ነገር አስተውሉ። የእንግሊዙ ሰውዬ «ይሆናል» አላለም። የትኛው ሞተር ሳይክል፣ የስንት ዓመተ ምሕረት፣ ስንት ሚሊሜትር፣ ምን ጄት እንደሆነ አውቆ ነው የጀመረው። እኛ ገበያ ላይ ያለው ደግሞ አር1 አይደለም። አር1 ራሱ ካርቡሬተር የነበረው እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 ብቻ ነው፤ ከ2002 ወዲህ ኢንጀክሽን ነው። እኛ ጋ የሞላው ከ100 እስከ 150 ሲሲ የአንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክል ዕቃ ነው። ታዲያ «እንግሊዝ አገር ይሠራል» እያሉ የቦክሰር ካርቡሬተር መሸጥ የሌላ ሰው ዲፕሎማ ይዞ ሥራ እንደመቀጠር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሻጭ የሚያጭበረብረው፣ አንዳንዱም ከልቡ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ሻጩ ካሊፐር አውጥቶ ያሳያል፦ «ይኸው 26 ሚሊሜትር፤ የቮልስ 1200 የራሱ ሶሌክስ 28 ነው። የሁለት ሚሊ ልዩነት ምን ያደርጋል?» ገዢው ያምናል፤ ቁጥሩ እውነት ነውና። የማይነገረው ሌላ ነው። የቦክሰር 150 ጉልበት 12 ፈረስ ገደማ ነው፤ የቮልስ 1200 ደግሞ 34 ነው። ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ቤንዚን ይጠይቃል። የቤንዚኑ መጠን በካርቡሬተሩ አፍ ስፋት አይወሰንም፤ ተንሳፋፊው በሚከፍተውና በሚዘጋው በዚያች ትንሽ መርፌ ቀዳዳና በጄቱ ነው የሚወሰነው። እነሱ የተለኩት ለ12 ፈረስ ነው። ደግሞም አንድ ሲሊንደር ብቻ ሲስብ ካርቡሬተሩ አንዴ በኃይል ይተነፍስና ያርፋል፤ በዚያ እረፍት ሳህኑ ይሞላል። አራት ሲሊንደር ተራ በተራ ሲስቡት እረፍት የለም። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ያምራል፣ ጉለሌ ሜዳው ላይም ይሄዳል። ወደ እንጦጦ ዳገት ሲያዞሩት ሳህኑ ይደርቃል፣ ቅልቅሉ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስቶን ይበላል። የሽያጩ ቀን ፈተና ደግሞ ሁልጊዜ ሚኒሞ ላይ ነው! በሚኒሞ የማይሠራ ካርቡሬተር ማን አይቶ ያውቃል?

እንግዲህ መለየት ማለት ምን እንደሆነ እንናገር፤ ይህ የመካኒክ ብቻ ሥራ ነው የሚለውን ሰበብ ስለማንቀበል። ካርቡሬተር በእጁ የሚይዝ ነጋዴ በአምስት ደቂቃ ሊያደርገው ይችላል።

መጀመሪያ ዓይነቱ። የጋዝ ሽቦው ሲሳብ በርሜል መሳዩን ክፍል በቀጥታ ወደ ላይ የሚያነሳው አንደኛው ነው፤ ሚኩኒ ቪኤም የሚላቸው እንደዚህ ናቸው። ሁለተኛው ሽቦው ቢራቢሮ ብቻ የሚከፍትበትና በርሜሉን የሞተሩ ስበት በስስ ጎማ ዲያፍራም በኩል የሚያነሳው ነው፤ የሚኩኒ ቢኤስቲና ቢኤስአር፣ የኬይሂን ሲቪኬ ከዚህ ወገን ናቸው። ለመኪና የሚመረጠው ይኸኛው ነው፤ አሽከርካሪው በድንገት ቢረግጥ እንኳ በርሜሉ ሞተሩ የሚችለውን ያህል ብቻ ይነሳል። የመጀመሪያው ዓይነት ግን ሲረገጥ ወዲያው አፉን ይከፍታል፤ ሞተሩ ይታነቅና ይሰናከላል። ዲያፍራሙን ለመፈተሽ በርሜሉን በጣት አንስታችሁ ልቀቁት፤ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ዱብ ካለ ጎማው ተቀዷል። ክዳኑን ፈትታችሁ ጎማውን ወደ ብርሃን አቅኑ፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳም በቂ ጥፋት ናት። ደግሞ እባካችሁ ዕቃው እንዲያበራ ብላችሁ በካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ጎማውን አትንከሩት፤ ያብጣል፣ ከቦታው አይገባም። አንጸባራቂ ካርቡሬተር ከሩቅ ካያችሁ ጎማውን ጠርጥሩ።

ቀጥሎ ቁጥሩ። ከሰውነቱ ላይ የተቀረጸ ወይም የተመታ መለያ አለ። የአር1 ከሆነ የ1998ና የ1999ኙ «4ኤክስቪ»፣ የ2000ና የ2001ዱ «5ጄጄ» ይላል። ሚኩኒ በካሬ ውስጥ ካሬ የሆነ ምልክት አለው፤ ፎርጅዱም አለው፣ ግን ጠርዙ የደበዘዘ ነው። የቻይናዎቹ «ፒዜድ 27»፣ «ፒዜድ 30» እየተባሉ ይመጣሉ። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ ካሊፐር አስገቡ። «ቪኤም 22» ተብሎ በሰፊው የሚሸጠው ሲለካ 26 ሚሊሜትር ነው የሚወጣው። መለያው የጠፋ፣ በፋይል የተፋቀ ካርቡሬተር ካጋጠማችሁ አንድ ሰው የሆነ ነገር ደብቋል ማለት ነው።

በወረቀት ይለያል የምትሉ ካላችሁ፣ አይለይም። በጉምሩክ ሥርዓት ካርቡሬተር የሞተር ሳይክልም ይሁን የመኪና የሚመደበው የቤንዚን ሞተር ክፍሎች በሚባለው 8409.91 ውስጥ ነው፤ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ በሚባለው 8714 ውስጥ አይደለም። ለቀራጩ ካርቡሬተር ካርቡሬተር ነው። ስለዚህ ሞያሌን በሕጋዊ መንገድ፣ ቀረጡ ተከፍሎ፣ ማኅተም ተመትቶ ያለፈ ዕቃ ትክክለኛ ዕቃ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። ዲክላራሲዮኑ ክብደትና ዋጋ ይናገራል፤ የየትኛው ሞተር እንደሆነ አይናገርም። እሱን የሚናገረው ሻጩ ነው፣ ወይም ማንም አይናገረውም።

አሁን ወደ ጄቱ እንምጣ፤ በድሪል የሚያስፉትም ይስሙን። ጄት ማለት መሀሏ የተበሳች ትንሽ የናስ ቡሎን ናት፤ ቁጥር ተመትቶባታል። ሻጩ «መቶ መቶ ነው» ይላል። አይደለም። ኬይሂን ቁጥሩን የሚሰጠው በቀዳዳው ስፋት ነው፤ 100 ማለት አንድ ሚሊሜትር ነው። ሚኩኒ ግን ባለ ስድስት ማዕዘን ዋና ጄቱን የሚቆጥረው በደቂቃ በሚያሳልፈው የቤንዚን መጠን ነው። የአንዱን 100 ፈትቶ የሌላውን 100 ማስገባት የኬንያን አንድ ሺህ ሽልንግ በኢትዮጵያ አንድ ሺህ ብር እንደ መለወጥ ነው፤ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ገንዘቡ ግን አይደለም። ይህን ነጋዴ እንዴት አይገባውም?

ድሪሉ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፉንዲው ጄት ከመግዛት ማስፋት ይቀላል ብሎ የአንድ ነጥብ ሁለት ሚሊ ድሪል ያስገባል። ከ1.0 ወደ 1.2 ሚሊሜትር ሲሄድ ስፋቱ በ20 በመቶ ያደገ ይመስላል፤ ቤንዚኑ የሚያልፍበት የቀዳዳው ገጽ ግን በ44 በመቶ ነው ያደገው። በዚያ ላይ ድሪሉ ውስጡን ይጭረዋል፣ አፉን ያበላሸዋል። ከዚያ በኋላ ጄቷ ላይ የተመታው ቁጥር ውሸት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው መካኒክ ያን ውሸት እያነበበ ሞተሩን ሊያስተካክል ይደክማል። በድሪል የተነካ ጄት ያለበትን ካርቡሬተር የሚሸጥ ሰው የተሰረዘ ደረሰኝ እንደሚሸጥ ቁጠሩት።

ትክክለኛው አካሄድ ለሚጠይቁን ደንበኞች የምንነግራቸው ይህን ነው። መጀመሪያ ተንሳፋፊው ከፍታውን ይያዝ፤ እሱ ሳይስተካከል የሚነካ ጄት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ካርቡሬተሩ ሞተር ሳይክሉ ላይ በነበረበት ዘንበል ልክ ይገጠም፤ አር1 ላይ ዘንበል ብሎ የሚቀመጠውን ቀጥ አድርጎ የሚያስረው ሰው ሳህኑን እንዳዘመመ ይወቅ። ከዚያ አራቱ እኩል ይሳቡ። ለዚህ መለኪያ ከሌለ ረጅም ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ወስዶ መሀሉ ላይ ዘይት አድርጎ ሁለቱን ጫፍ ከሁለት ካርቡሬተር ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ዘይቱ ወደ አንዱ ከሸሸ ያኛው አብዝቶ እየሳበ ነው። ከዚህ በኋላ ዋናው ጄት ይመጣል፤ እሱ የሚሠራው ሙሉ ሲረገጥ ነው። ቀጥሎ መርፌው፤ መሀለኛውን የሚገዛው እሱ ነው። ጥርስ ከሌለው ሥሩ ስስ ሮንዴላ እየተጨመረ ይነሳል። ሚኒሞው የመጨረሻ ነው። እኛ አገር ሁሉም ከሚኒሞ ይጀምራል፣ እዚያው ይጨርሳል። ዳኛው ካንዴላ ነው፤ የቡና ቀለም ከያዘ ደህና፣ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ ደግሞ መኪናውን አቁሙት።

ስለ ከፍታ የሚያወራ ሻጭ ግን እስካሁን አልሰማንም። ካርቡሬተር እንደ ኢንጀክሽን ኮምፒውተር የለውም፤ አየሩ ሲሳሳ አያውቅም። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሯ ከሞምባሳው በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ስትሆን ልዩነቱ ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። ለባሕር ዳርቻ አገር በተለካ ጄት አዲስ አበባ የሚነዳ ሰው ቤንዚን በማርሚታው በኩል እየደፋ ነው፤ «ቮልሴ በላተኛ ነው» እያለ መኪናውን ይሳደባል። በተቃራኒው አዲስ አበባ ላይ ልክ የተደረገውን መኪና አፋር ይዞት የወረደ ሰው ቤንዚን ያንሰዋል። ናይሮቢ ላይ ተሞክሮ «ሰላም ነው» የተባለ ስብስብ አዲስ አበባ ሲደርስ ትንሽ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ ከሞምባሳ በቀጥታ የመጣው ደግሞ ብዙ። ይህን አለመናገር ዕዳን አለመናገር ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ገንዘብ ነው። አሁን ስለ እሳት እናውራ። የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ቤንዚን የሚያገኘው ከላዩ ካለው ታንክ በራሱ ክብደት ወርዶ ወይም በደካማ ፓምፕ ነው፤ ከ0.2 ባር ብዙም የዘለለ ግፊት አይወድም። የብዙ መኪና ፓምፕ ከዚህ ይበልጣል። ከመጠን በላይ ከተገፋ ያቺ ትንሽ የተንሳፋፊ መርፌ መዝጋት ያቅታታል፣ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። የት ላይ? ትኩስ ሞተር ላይ። ከኢንጀክሽን መኪና የተፈታ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ደግሞ 3 ባር ያህል ይገፋል፤ አስራ አምስት እጥፍ ነው። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ አሽከርካሪው ጭሱን የሚያየው በመስታወት ነው፣ ያውም ካየ። ሕፃናት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት መኪና ነው ይህ። የግፊት መቀነሻ ሬጉሌተር ትንሽ ዕቃ ናት፤ ያለ እሷ የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ለመኪና የሚሸጥ ሰው እንቅልፍ እንዴት እንደሚወስደው አናውቅም።

አራቱን መገንጠልም ሌላው ነውር ነው። ከትልልቅ ሞተር ሳይክል የተፈታ ስብስብ አንዳንዴ ይገኛል፤ ሲገኝም ሻጩ «አንድ ባንድ ቢሸጥ ይሻላል» ይላል። በአጭሩ ሒሳብ ልክ ነው፤ አራቱን ለየብቻ ብትሸጥ የበለጠ ታገኛለህ። ግን አራቱን የሚያያይዘው የጋዝ ዘንግ፣ የማመሳሰያ ቡሎኖቹ፣ ቤንዚን የሚያካፍለው ቧንቧ አብረው የተሠሩ ናቸው። ሲገነጠሉ የሚቀረው አራት ወላጅ አልባ ነው። ቮልስ ሲሊንደሮቹ ሁለት ግራ ሁለት ቀኝ ስለሆኑ ስብስቡ ሁለት ሁለት ሆኖ መለየቱ አይቀርም፤ ያ ግን አራቱም አንድ ሰው እጅ ገብተው፣ በሚያውቅ ሰው፣ አዲስ ማገናኛ ተሠርቶለት ነው። አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ያቤሎ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ከሄዱ በኋላ ማን ያገናኛቸዋል?

የምንሰማቸው መልሶች ሦስት ናቸው። አንደኛው «ደንበኛው ራሱ ርካሽ ይፈልጋል» ነው። ይፈልጋል፤ እኛም እንፈልጋለን። ርካሽ መፈለግ ግን መዋሸትን አያዝም፤ «ይህ የቦክሰር ነው፣ ለመኪና አይበቃም» ብሎ በርካሹ ለቦዳ ቦዳ መሸጥ ይቻላል። ሁለተኛው «የማስተካከሉ ሥራ የመካኒኩ ነው» የሚለው ነው። መካኒኩ የሌለውን ነገር አያስተካክልም። ከጓደኞቻችን መሀል በዚህ ላይ የተለየ አስተያየት ያላት አለች፤ «እኛ ዶክተር አይደለንም፣ ፋርማሲ ነን» ትላለች። ይሁን፤ ፋርማሲስትም የመድኃኒቱን ስም ሳያነብ አይሸጥም። ሦስተኛው «መንግሥት ይቆጣጠር» ነው። የኬንያ ደረጃዎች ቢሮ ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ሳውዝ ሲ ፖፖ መንገድ ላይ ነው፤ ጎረቤታችን ነው፣ በሩን በየቀኑ እናያለን። ግን ያገለገለ ካርቡሬተር ጄቱ ተነቅሎ ሌላ ሲገባበት ከጎኑ ቆሞ የሚያይ ቢሮ በዓለም ላይ የለም። ይህን የሚያየው ዕቃውን በእጁ የያዘው ነው።

ኮሜርስ የተማረ ሰው «የተመለሰ ሽያጭ» የሚባል ሒሳብ ያውቃል። በሱቅ ንግድ ዕቃው የማይሆን ከሆነ ይመለሳል፣ ሻጩ ይከስራል፣ በሚቀጥለው ይጠነቀቃል፤ ገበያ የሚታረመው እንዲህ ነው። በእኛ ንግድ ይህ ሒሳብ ባዶ ነው። ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ 780 ኪሎሜትር ገደማ፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ሌላ የዚያን ያህል። ከኢሲዮሎ በላይ ያለው መንገድ አስፋልት ሆኗል፣ የሞያሌው የጋራ ድንበር ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተመርቋል፤ ዕቃ መላክ ከድሮው ቀሏል። ዕቃ መመለስ ግን አልቀለለም። ለአንድ ካርቡሬተር ብሎ ማን ድንበር ያቋርጣል? ገዢው ይራገምና ዝም ይላል። ዝምታውን እኛ እርካታ ብለን መዝግበነዋል።

ስለዚህ ሳውዝ ሲ ያለን ሰዎች ከመጪው ጭነት ጀምሮ የምናደርገውን እንናገር፤ ሌላውም እንዲያደርግ እንጠይቃለን። ለመኪና ተብሎ በሚሸጥ እያንዳንዱ ካርቡሬተር ላይ ወረቀት በሽቦ ይታሰራል። ከየትኛው ሞተር ሳይክል እንደወጣ፣ በካሊፐር የተለካው ስፋቱ፣ ዋናውና ትንሹ ጄት ላይ የተነበበው ቁጥር ከአምራቹ ስም ጋር፣ ዲያፍራሙ በብርሃን መታየቱ ይጻፍበታል። «ሬጉሌተር ያስፈልገዋል» የሚለው በአማርኛም በስዋሂሊም በትልቁ ይጻፋል። አራት ሆኖ የመጣ አራት ሆኖ ይሄዳል። የአንድ ሲሊንደር ዕቃ ለመኪና አይሸጥም፤ ገዢው ቢለምንም። ሞያሌ ላይ ያለው ወኪላችን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ ከነወረቀቱ ከተመለሰለት ገንዘቡን ይመልሳል፤ የመንገዱን ወጪ እኛ እንችላለን። ዋጋችን ከፍ ይላል፤ በስንት እንደሆነ ጭነቱ ከመነሳቱ በፊት እዚሁ እንለጥፋለን። መለያው የተፋቀውንና ጄቱ በድሪል የተነካውን ለይተን አስቀምጠናል፤ በኪሎ፣ በአሉሚኒየም ዋጋ ይሄዳል፤ የሚፈልግ ቀላጭ ካለ ይደውል።